ጠይቁን፦ ላይብረሪ ውስጥ ማገዝ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የወረዳ ላይብረሪ ውስጥ ማገዝ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አምና ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ቤት መዋል ሰለቸኝ። ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ የሕዝብ ላይብረሪ አለች፣ ተማሪ እያለሁ እዚያ ነበር የማጠናው። አሁን በነጻ ላግዝ ብዬ አስባለሁ፣ ግን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። የላይብረሪ ትምህርትም አልተማርኩም። ደግሞ «ሥራ አጥታ ነው» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? (ከኮልፌ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ የሰው አፍ እንኳን ሥራ ፈላጊውን ሠራተኛውንም አይምርም። እሱን ተይው።

ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት፣ ረጋ ባለ ሰዓት ሂጂ። ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቂና አናግሪው። ማመልከቻ ጻፊ ካለሽ ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ስምሽ፣ ስልክሽ፣ በየትኛው ቀን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትመጪ። የመታወቂያሽን ኮፒ አያይዢበት። አራት ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትንም መጠየቅ ትችያለሽ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፣ በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ ያስተናግዳል። እኔ ግን የሰፈርሽን ብትመርጪ ደስ ይለኛል። ትንሿ ላይብረሪ ውስጥ አንድ ሰው ሲጨመር ያን ቀን ወዲያው ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ የማሳስብሽ የሰዓቱን ነገር ነው። በክረምት በጎ ፈቃደኛ ይበዛል፣ መስከረም ሲጠባ ማንም የለም። ላይብረሪ ሰው የሚቸግረው ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ ነው፣ የፈተና ተማሪ ወንበር አጥቶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ጊዜ። ስለዚህ «ሲመቸኝ እመጣለሁ» አትበይ። «ሐሙስ ከ3 እስከ 6 ሰዓት» በይ፣ ከዚያ ዝናብም ቢሆን ነይ።

የላይብረሪ ትምህርት አለመማርሽ አያግድሽም። መጀመሪያ የሚሰጥሽ ሥራ አንብበው የመለሷቸውን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ መመለስ ነው። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲዊ በሚባለው አመዳደብ ይሠራሉ፣ መጻሕፍትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 በ10 ክፍል ይመድባል። 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963። ቁጥሩ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ተለጥፏል።

ቀላል ይመስላል አይደል? በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ 530 የሚለውን 350 ብዬ አነበብኩና ከመንግሥት አስተዳደር መጻሕፍት መሐል ሰካሁት። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ቅዳሜ መጥቶ ጠየቀ። መዝገቡ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ላይ የለም። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይናገር ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። መጽሐፉን ያገኘነው አቧራ ስናራግፍ ነው፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ። ያ ልጅ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩን ድምፅ አውጥቼ ሳላነብ መጽሐፍ አልሰካም፣ አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡሽ ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ኮሃ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ሌላ ቦታ በኤክሴል ነው የሚመዘገበው። እዚህ ላይ ፊደል የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው በጣም ያስፈልጋል። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ በኃ፣ አንዱ በሀ፣ አንዱ በሐ ጽፎታል እንበል። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ተማሪው በአንዱ ፈልጎ ካጣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። ፀሐይም፣ ዓለምም፣ ሥላሴም እንዲሁ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ እንዳለው ትጽፊና ሌሎቹን አጻጻፎች ደግሞ መፈለጊያ እንዲሆኑ ትጨምሪያለሽ። የደራሲ ስምም ጣጣ አለው፦ የፈረንጅ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ይመዘገባል፣ የኛ ሰው ግን በራሱ ስም ነው፣ የአባቱ ስም ይከተላል። ይህን ያልተረዳ ሰው የሞላው መዝገብ ውስጥ ስንቱ ደራሲ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ፈላጊ አጥቶ ተቀምጧል። ዓመተ ምሕረቱንም እዪው። 1985 የሚለው በኛ ነው በፈረንጅ? የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለው ሳታረጋግጪ አትሙዪው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የተቀደደ ገጽ ስታዪ እባክሽ በፕላስተር አትለጥፊ። ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲላቀቅ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ለብቻው አስቀምጪና ለባለሙያዋ ስጫት።

ጥቂት ወር ከሠራሽ በኋላ የምስክር ወረቀት ጠይቂ። ምንም አያሳፍርም፣ የሠራሽበት ነው።

ጥያቄ፦ ለ34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሦስት ካርቶን ሙሉ መጻሕፍት አሉኝ። ለከተማችን ላይብረሪ ልስጥ ስል ልጆቼ «አሮጌ ነው፣ አይቀበሉህም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው ልጄ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋሼ፣ በከፊል እውነታቸውን ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ከሆኑ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ የድሮዎቹን ብዙ ላይብረሪ አይፈልግም፣ ቦታ ይይዙበታል። ሻጋታ ወይም ብል የነካውንም አይላኩ። አንዱ መደርደሪያውን ሁሉ ይበክላል። ልብ ወለድ፣ መዝገበ ቃላት፣ የሒሳብ ማጣቀሻ፣ የልጆች መጽሐፍ ግን በደስታ ይወስዳሉ።

አሮጌ የሚሉት ውስጥ ደግሞ የድሮ መጽሔት፣ የትምህርት ቤት የዓመት መጽሔት፣ ስለ አካባቢው የተጻፈ ትንሽ ጥራዝ ካለ እባክዎ ለብቻ ያውጡት። እንዲህ ያለው አንድ ጊዜ ከጠፋ ሌላ ቅጂ ላይገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ጽሑፍ ሲሰበስብ የኖረ ነው፣ እዚያም ጠይቀው ማሳየት ይችላሉ። ካርቶኑን ጭነው ከመሄድዎ በፊት የመጻሕፍቱን ስም በአንድ ወረቀት ዘርዝረው ለላይብረሪው ይስጡ፣ እነሱ የሚፈልጉትን ምልክት ያድርጉበት።

እና አንድ ነገር ልለምንዎት። መጻሕፍቱን ያደረሱ ቀን ትንሽ ይቀመጡ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ «ሒሳብ የከበደው ይምጣ» የሚል ወረቀት። እኛ ጋ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይህን ጀምረው በመጀመሪያው ቀን የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። በወሩ ወንበር ከሌላ ክፍል እያመጣን ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ለመመረቅ 75 ሰዓት የነጻ አገልግሎት ያስፈልገዋል። ላይብረሪ ሂድ ብለው «ይደብራል» ይለኛል። የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ክፍል ቢያግዝ አይቆጠርለትም? ቅጹን እኔ ብፈርምለትስ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጨረሻው ልጀምር። እርስዎ መፈረም አይችሉም። የሚፈርመው ሥራውን የተቆጣጠረው ሰው ነው፣ ዘመድ አይሆንም። የሜሪላንድ ደንብ አገልግሎቱ ሃይማኖታዊ እንዳይሆንም ይጠይቃል፣ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር አስቀድመው የትምህርት ቤቱን አስተባባሪ ይጠይቁ። 75ቱን ሰዓት ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ «አይቆጠርም» ቢባል ልጁ ይከፋዋል። (ዲሲ ቢኖሩ ኖሮ 100 ሰዓት ነበር የሚጠየቀው።) ሰዓቱ ብቻም አይደለም። ተዘጋጅቶ ሊሠራና ከሥራው ምን እንዳገኘ ሊያሰላስል ይገባዋል።

«ይደብራል» ላለው፣ ልጅዎ ፊደል ያነባል? ካነበበ ሌላ ልጅ የማይችለውን ሥራ ይችላል። አሜሪካ ላይብረሪዎች ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ስም ካታሎጉ ላይ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል፣ ነጥብና ጭረት ባለው አጻጻፍ ነው የሚገባው። ከአገር ቤት የመጣች እናት በዚያ አጻጻፍ ፈልጋ አታገኘውም። አንድ ልጅ የአማርኛው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ሽፋኑን አንብቦ «ይሄ የልጆች ተረት ነው፣ ይሄ የምግብ አሠራር ነው» ብሎ ቢያሳያት ቀኗን ነው የሚያሳምርላት። የላይብረሪውን ሠራተኛ ሄዶ «አማርኛ አነባለሁ» ይበላት። ራሱ ይናገር፣ እርስዎ አይናገሩለት።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ይንገሩት። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ የልጆች ክፍል ባለሙያ ነበር። ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰና በፈረንጅ 2003 አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ የሚባል የልጆች ላይብረሪ ከፈተ፣ ከዚያም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ላይብረሪ ለልጆች አደረሰ።

ፊደል ካላነበበም ችግር የለውም፣ መጻሕፍት ይደርድር፣ ትንንሾቹን ልጆች በእንግሊዝኛ ያስነብብ። ማመልከቻውን ግን አሁን ይሙላ። የበጋው ዕረፍት ሲቃረብ ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ቦታው ቶሎ ይሞላል።