በአንድ ገመድ ብዙ ዕቃ ወደ ውኃ ለምታወርዱ ልጆች

የውኃ ውስጥ ሮቦት መሥራት የጀመሩ ወጣቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ይኼን ነው። «ሮቦታችን ካሜራ አለው። አሁን ሶናር (በድምፅ አካባቢውን የሚያይ መሣሪያ) ልንጨምር ነው፤ ምናልባትም ሁለተኛ ካሜራ። በገመዱ የሚያልፈው መስመር ግን አንድ ነው። ሌላ ገመድ እንግዛ?»

አትግዙ። ያላችሁ መስመር ይበቃል። የጎደላችሁ ወረቀትና እስክርቢቶ ነው።

ገመዱ ራሱ ለምን አስፈለገ? ዋይፋይ ውኃ ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይርቅ ድራሹ ይጠፋል፤ ጨዋማ ባሕር ከሆነማ አይነሳ። በድምፅ የሚሠሩ ሞደሞች አሉ፤ ለቪዲዮ ግን በጣም ቀርፋፋ ናቸው። ተራው የኤተርኔት ኬብል ደግሞ በደንቡ ከ100 ሜትር በላይ አይሄድም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሆምፕለግ የሚባለውን ቴክኖሎጂ ይጠቀማል። ይኼ እንግዲህ ቤት ውስጥ በመብራት መስመር ኢንተርኔት ለማዳረስ የተፈጠረ ነገር ነው፤ የውኃ ሰዎች አይተው ወሰዱት። የውኃ ሮቦት ዕቃዎች የሚሠራው የብሉ ሮቦቲክስ ኩባንያ ፋዘም-ኤክስ ሰሌዳም በዚሁ ይሠራል። አንድ ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ሰሌዳ ታች፣ በመሀል አንድ ጥንድ የተጠማዘዘ ሽቦ፤ እስከ 300 ሜትር። አምራቹ የሚናገርለት ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜጋቢት ገደማ ነው።

ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚያልፈው ዳታ የማን እንደሆነ አይጠይቁም። በአንዱ ጫፍ የገባው በሌላው ጫፍ እንዳለ ይወጣል። እናም ውኃ በማያስገባው ቱቦ ውስጥ ትንሽ ስዊች፣ ማለትም አንዱን የኔትወርክ መስመር ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍል ሳጥን፣ ታስገባላችሁ። ራስበሪ ፓዩም (የሮቦቱ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሶናሩም፣ ካሜራውም እሱ ላይ ይሰካሉ። ላፕቶፓችሁ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያገኛቸዋል።

መሰካቱ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው አድራሻ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በኔትወርኩ ላይ የሚጠራበት ቁጥር ማለቴ ነው።

ብሉአርኦቪ2 የተባለውን የብሉ ሮቦቲክስ ሮቦት እንውሰድ። ላፕቶፑ 192.168.2.1 ነው፣ ታች ያለው ራስበሪ ፓይ 192.168.2.2። አሁን ዋተር ሊንክድ የሚባል ኩባንያ የሚሠራውን ኤ50 የተባለ ዕቃ ጨመራችሁ እንበል። ከሥር ወዳለው መሬት ድምፅ እየላከ የሮቦቱን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ይኼ ዕቃ 192.168.194.95 የሚል የራሱ አድራሻ አለው። ስዊቹ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፒንግ ስታደርጉት፣ ማለትም ከላፕቶፑ «አለህ ወይ?» የሚል መልእክት ስትልኩለት፣ ግን ጭጭ። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ «ተበላሽቷል» ብሎ ብሎን መፍታት ይጀምራል። ኧረ ምንም አልሆነም፤ አድራሻው እንደ ሌሎቹ በ192.168.2 ስለማይጀምር ላፕቶፑ አላገኘውም እንጂ! ለላፕቶፑ በ192.168.194 የሚጀምር ተጨማሪ አድራሻ ስጡት፣ ዕቃውን በብራውዘር ክፈቱ፣ ከዚያ አድራሻውን ከሌሎቹ ጋር እንዲገጥም ቀይሩት።

ሁለት ካሜራ ከአንድ አምራች ከገዛችሁ ደግሞ ሁለቱም አንድ አድራሻ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ከበደ እንዳለ ቁጠሩት፤ ስትጠሩ አንዴ ይኼኛው አቤት ይላል፣ አንዴ ያኛው። ምስሉ መጣ ስትሉ ይሄዳል፣ ሄደ ስትሉ ይመጣል። ለእኔ ከዚህ የባሰ አድካሚ ብልሽት የለም፤ ጭራሽ የሞተ ዕቃ ይሻለኛል። አንዱን ብቻ ሰክታችሁ አድራሻውን ቀይሩ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥሩን ጻፉበት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ስኩ።

የላቦራቶሪያችሁ ዋይፋይም በ192.168.2 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ሮቦቱን በዋይፋይ በኩል ሊፈልገው ይችላል። ሥራ ላይ ስትሆኑ አጥፉት፣ በቃ። ፒንግ እየመለሰ ቪዲዮ እምቢ ካለ ደግሞ ሮቦቱን ሳትነኩ የዊንዶውስ ፋየርዎልን፣ ማለትም ከውጭ የሚገባን ዳታ የሚያግደውን ዘብ፣ እዩ።

ወረቀት ያልኩት ለዚህ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሠንጠረዥ ሥሩ። የዕቃው ስም፣ አድራሻው፣ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ፣ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚወስድ። በኤክሴል እንሥራው ካላችሁ አልጣላችሁም፤ ብቻ አንድ ቅጂ አትማችሁ የላፕቶፑ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። አድራሻዎቹን በቃሉ የያዘ አንድ ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም። ውኃ በምትወርዱበት ቀን የትምህርት ቤት ፈተና ኖሮበት የሚቀረውም ሁልጊዜ እሱ ነው።

80 ሜጋቢት ሲባል የማያልቅ ይመስላል። ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የተጨመቀ ባለ1080 ጥራት ምስል 10 ሜጋቢት ያህል ይበቃዋል። የመሪው ትእዛዝ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ መዘግየት ግን አይችልም። ያልተጨመቀ ቪዲዮ ከለቀቃችሁበት መስመሩ ይሞላል። ያኔ ጆይስቲኩን ወደ ግራ ትገፉና ሮቦቱ ቆይቶ፣ እናንተ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በኋላ ይዞራል። ለካሜራው የቢትሬት፣ ማለትም በሰከንድ የሚልከው የዳታ መጠን፣ ገደብ አብጁለት። ሁለት ሰው በሁለት ላፕቶፕ ማየት ከፈለገም ምስሉ ከታች ሁለቴ አይላክ፤ ላይ አንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያካፍለው።

አገር ቤት ሆናችሁ «ባሕር የት አለን?» የምትሉኝም አላችሁ። እስካሁን ካልኩት ውስጥ አንዱም ባሕር አይፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። አጭር ኬብል ግን አትጠቀሙ። የምትወርዱበትን ገመድ ሙሉውን አገናኙ፣ ፒንጉን ከፍታችሁ ሰዓታት አቆዩት። ቀጥሎ ሮቦቱን በርሜል ውኃ ውስጥ አስገቡና ፒንጉ እየሄደ ሞተሮቹን በሙሉ ኃይል አሽከርክሩ። ልክ ሞተሮቹ ሲነሱ ፒንጉ ከተቋረጠ አድራሻ ውስጥ አትግቡ፤ መጀመሪያ ኃይሉን ጠርጥሩ። ሞተሮቹ ባትሪውን ሲስቡ ቮልቴጁ ወርዶ ስዊቹ እንደገና እየተነሳ ሊሆን ይችላል። የቮልቴጅ መለኪያ ሜትር ይዛችሁ የስዊቹን የኃይል መግቢያ ለኩ። ከወረደ ለስዊቹ ለብቻው አቅም ያለው የቮልቴጅ መቀየሪያ ስጡትና ያንኑ ሙከራ ድገሙት።