የአያቴ የልደት መዝገብ ወረዳው ውስጥ የለም፤ ዘሬን ከየት ላግኝ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት አሜሪካ ነው፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። የትውልድ አገሩ በድሮው አጠራር ጎጃም፣ ቢቸና አውራጃ ነው። ለልጆቼ ዘራቸውን በወጉ ማሳወቅ እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴንም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚሉትን፣ ለማውጣት አስቤያለሁ። አጎቴ ወረዳው ድረስ ሄዶ የአባቴንና የአያቴን የልደት መዝገብ ቢጠይቅ «እንዲህ ዓይነት ነገር የለም» አሉት። የመሬት መዝገቡን አሳዩኝ ሲል ደግሞ «የሰው ፋይል አይታይም» ተባለ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ በበኩሉ የአያቴን የልደት ምስክር ወረቀት በሳምንት ውስጥ አወጣለሁ እያለ ነው። በዚህ መሃል የአጎቴ ልጅ «መብቴን ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሜ እንድልክለት ጠየቀኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ከጉዳይ አስፈጻሚው ልጀምር፤ የእሱ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ገንዘብ ካልላኩ አይላኩ። ልከው ከሆነ ያስመልሱ። የሞቱ አያትዎ የልደት ምስክር ወረቀት በሳምንት ከወጣ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጀው ብቻ ሳይሆን እያወቀ የሚገለገልበትም ይቀጣል። ያንን ወረቀት ኤምባሲ ያቀረቡ ቀን ደግሞ እውነተኛው ዘርዎ ራሱ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። በቀላሉ አይጸዳም።

ወረዳው «የለም» ማለቱ ብዙ ሰው ያናድዳል። ግን እውነታቸውን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጾች ነበሩት። ችግሩ ያው ሕግ በቁጥር 3361 እነዚህ አንቀጾች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪነገር ድረስ አይጸኑም አለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። በከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ ገጠሩ ግን ባዶ ቀረ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጣ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት፣ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቀበሌው ውስጥ የሚወለድ ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። አባትዎና አያትዎ ሲወለዱ ግን መዝገቡ ራሱ አልነበረም። አጎትዎ ያልተጻፈ ነገር ነው የጠየቁት።

የተጻፈው ሌላ ነው። በጎጃም ገጠር የሰው ዘር የሰፈረው ከመሬቱ ጋር ነው። በርስት ዘመን አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከዋናው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ መወለዱን ቆጥሮ ነበር። በአባቱም በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል። ስለዚህ የርስት ሙግት በተነሳ ቁጥር ተሟጋቹ «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ» እያለ እስከ ዋናው አባት ይወጣል። ተቃራኒው ወገን ደግሞ ያንን ሐረግ ለመበጠስ የራሱን ይቆጥራል። ዳኛው ፊት የተባለው በጽሑፍ ከገባና ፋይሉ ከተረፈ፣ ከማንኛውም የልደት ወረቀት የሚበልጥ የዘር ሐረግ እጅዎ ገባ ማለት ነው። እንዲያውም በሕይወቴ ካየኋቸው ሰነዶች የቤተሰብ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው እንደ ድሮ የመሬት ክርክር የሚጠቅም የለም ብዬ አምናለሁ። የተሸነፈው ሰው ዘር እንኳ ተጽፎ ይቀመጣል።

አጎትዎ ቤት ውስጥ ከ1967 በፊት የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ ካለ እንዳይጥሉት ይንገሯቸው። በርስት አገር ግብሩ አያትዎ ባረሱበት መሬት ላይ ቢሆንም ደረሰኙ በዋናው አባት ስም ሊሆን ይችላል። የማያውቁት ስም ነው ብለው አያልፉት። ያ ስም ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ የሚወስድዎት ሰው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ቆጠራው ቆመ። ከዚያ በኋላ የገበሬ ማኅበራት የአባላት መዝገብ መጣ። በአማራ ክልል በ1989 የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ቀጥሎ አርሶ አደሩ «ደብተር» የሚለው የይዞታ ማረጋገጫ ተሰጠ። አጎትዎ ይህ ደብተር ካላቸው ገልጠው አዋሳኞቹን ያንብቡልዎት። ማሳው በምሥራቅ ከእገሌ፣ በምዕራብ ከእገሊት፣ በሰሜን ከወንዝ ይዋሰናል ይላል። ሰው ይህን ዝርዝር የድንበር ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው። ነገር ግን መሬት ከአባት ለልጆች ሲከፋፈል ስለኖረ፣ ጎን ለጎን የሚያርሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወንድማማቾች ወይም የአጎት ልጆች ናቸው። የአዋሳኞቹን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ይጻፉ። ሁለቱ በአያት ስም ከእርስዎ ጋር ከገጠሙ አዲስ ዘመድ አገኙ፤ በኋላ ለሚያስፈልግ ምስክርነትም ሰው አገኙ።

አሁን ወደ «የሰው ፋይል አይታይም» ልምጣ። ግማሹ ልክ ነው። መረጃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄ ሲቀርብለት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን ይናገራል። ቅር ያለው ሰው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ይሁንና ይኸው አዋጅ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ይጠብቃል። 2016 ላይ የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ጥበቃውን አጠንክሮታል። በሕይወት ያለ ጎረቤት የመሬት ፋይል ለእርስዎ የሚገለጥበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ አጠያየቁን ይለውጡ። አጎትዎ የራሳቸውን ፋይል በራሳቸው ስም ይጠይቁ፤ ያንን የሚከለክላቸው የለም። የአያትዎን በተመለከተ ደግሞ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ወደ ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ይጻፍ። «ፋይሉን አሳዩኝ» ከማለት ይልቅ የሟቹን ሙሉ ስም፣ ቀበሌውንና ጎጡን ጠቅሰው «ስማቸው የሰፈረበት ገጽ ቅጂ ይሰጠኝ» ይበሉ። ማመልከቻው ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ማኅተም ያድርግበት፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። አንድ መስመር ደግሞ ይጨምሩ፤ የፈለጉት የቤተሰብ ታሪክ ለማወቅ እንጂ የመሬት ጥያቄ እንደሌለዎት። ገጠር ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ የድሮ መሬት ሲጠይቅ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሊነቅለን መጣ። ያ ፍርሃት ካልጠፋ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን አይከፍቱልዎትም።

የትኛው ወረዳ እንደሆነ መጀመሪያ ያጣሩ። የድሮው ቢቸና አውራጃ ዛሬ እነማይ፣ እናርጅ እናውጋ፣ ሸበል በረንታና ሌሎችም ወረዳዎች ሆኗል። አስተማማኙ ምልክት ደብሩ ነው። አባትዎ የት ክርስትና ተነሱ? አያትዎስ የት ተቀበሩ? ደብሩ ከታወቀ ቀበሌውም ወረዳውም ይታወቃል።

ደብሩ ራሱም ሰነድ አለው። የጥምቀት መዝገብ የያዙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በጥንታዊ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ደግሞ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ ከነምስክሮቹ ስም የመጻፍ ልማድ ነበር። እንደ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ድማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉ የአካባቢው ገዳማትና አድባራት ጥንታውያን ናቸው። አስተዳዳሪውን በአክብሮት ይጠይቁ፤ መጽሐፉ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ እንዲነበብልዎት ይለምኑ። ቅርስ ነውና ማንም «ገጹን ብቻ ላምጣልዎት» ቢል እሺ አይበሉ። ሲያነቡ ስም ላይ ይጠንቀቁ። በሰፈር ተሰማ የሚባል ሰው በቤተ ክርስቲያን ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ስም የሚያውቅ አንድ አዛውንት ካልተገኘ ሰውየው መዝገቡ ውስጥ እያለ ያልፉታል።

ዓመቱንም እንዲሁ። ሽማግሌዎች «ከማይጨው በኋላ፣ በዘመነ ማቴዎስ ተወለደ» ካሉዎት ተራ ወሬ አይደለም። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 1928 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ አንድ ሲተርፍ ዘመኑ የማቴዎስ ነው። ስለዚህ 1929 ሆነ ማለት ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይሩት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ይጨመራል። የአሜሪካ ወረቀቶችና የአገር ቤት ወረቀቶች በአንድ ዓመት ተለያይተው ጉዳይ የሚያሰናክሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለታሪኩ ነው። ለቢጫ ካርዱ ግን ይህን ያህል መድከም አያስፈልግዎትም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚለው፣ ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ከነበረው ሰውየው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ትቶ ኤርትራዊ ዜግነት የያዘን ሰው ግን አያካትትም። አባትዎ ራሳቸው ኢትዮጵያዊ ስለነበሩ እሳቸው ይበቁዎታል። የእርስዎ የአሜሪካ የልደት ምስክር ወረቀት ከአባትዎ ጋር ያገናኝዎታል። የአባትዎ አሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቀሪውን ይጨርሳል።

ፓስፖርቱ ከጠፋ መፈለግ ያለብዎት እዚያው አሜሪካ ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ.፣ ዘንድ አባትዎ ሲገቡና ዜግነት ሲወስዱ የተከፈተ የግል የኢሚግሬሽን ፋይል፣ ኤ ፋይል የሚሉት፣ ይኖራል። የሞት ማስረጃ አያይዘው በመረጃ ነጻነት ሕጉ መሠረት ይጠይቁ። ፋይሉ ውስጥ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ አንዳንዴም የአገር ቤት ሰነድ ቅጂ ይገኛል። ሶሻል ሴኩሪቲ ሲያወጡ የሞሉት ኤስ.ኤስ. አምስት ቅጽም የአባትና የእናት ስም ይጠይቃል። አባትዎ በወጣትነታቸው በእጃቸው የጻፉት የእናታቸው ስም እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል። ከወረዳው በፊት ይህንን ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፤ አጎትዎ ትክክለኛ ስም ይዘው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አባትዎ የአያትዎ ልጅ መሆናቸው በሕግ መረጋገጥ ካለበት፣ ለምሳሌ ለውርስ፣ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። የቤተሰብ ሕጉ መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። እሱ ከሌለ ግን ሰውየው በቤተሰቡና በአካባቢው እንደ ልጅ ይታይ እንደነበር በምስክሮች ማስረዳት ይፈቅዳል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አቤቱታው የሚታየው በዚያ ነው። ከላይ ያልኳቸው ደረሰኞች፣ የጥምቀት መዝገብና አዋሳኞች የምስክሮቹን ቃል የሚደግፉት እዚህ ላይ ነው። ምስክር የሚሆኑት ሰዎች እድሜያቸው የገፋ ከሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ።

የአጎትዎ ልጅ ፈርመው ይላኩልኝ ያለው ወረቀትስ? አሁን አይፈርሙ። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት በሕጋችን ለአርሶና አርብቶ አደሩ ስለሆነ፣ ሜሪላንድ ተቀምጠው የሚለቁት የእርሻ መሬት የለዎትም። ታዲያ ፊርማዎ ለምን አስፈለገ? ምናልባት ከተማ ውስጥ ቤት ወይም ሌላ ንብረት አለ። ልጁን በክፉ አልጠረጥረውም፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባ ሆኖ ወረቀቱን የሚያስጠይቀው ሌላ ሰው ነው። ንብረቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይንገርዎት። የውርስ ጥያቄ ደግሞ ጊዜ ያልፍበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ 3 ዓመት፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር ደግሞ በማናቸውም ሁኔታ 15 ዓመት ነው። መልሱን ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ያኔ ትፈርሙ አትፈርሙ የሚለውን እንነጋገራለን።

ለአጎትዎ ውክልና መስጠት ይኖርብዎታል። ጠባብ ይሁን። ሰነድ እንዲጠይቁ፣ ቅጂ እንዲቀበሉ፣ እምቢ ሲባሉ አቤት እንዲሉ የሚል ብቻ ይጻፉበት። «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ስጦታ መስጠት፣ መብት መልቀቅ» የሚሉት ቃላት ከተለመደው ቅጽ ላይ ካሉ ያስወጡ። ኤምባሲው ካረጋገጠው በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ዋናውን ይላኩ፤ በስልክ በተላከ ፎቶ ወረዳው አያስተናግዳቸውም። አጎትዎ መንገድ ከመጀመራቸው በፊትም ስለ መንገዱ ሰላምና ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ላይ መሆኑን ደውለው ያጣሩ።