ትራስ መሳዩን አትርሳኝ በምን እንለየዋለን?

ጠያቂያችን በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት ተራራ ላይ ያነሡትን ፎቶ አያይዘው፣ መሬት ላይ እንደ ትራስ የተድበለበለውና ነጫጭ አበባ የተነሰነሰበት ተክል በእርግጥ አትርሳኝ ከሚባለው የአበባ ተክል (በሳይንሳዊ ስሙ ማዮሶቲስ) ወገን ሊሆን ይችላል ወይ፣ አትርሳኝ ሰማያዊና ዘለግ ያለ አይደለም ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙም ሆነ ቁመቱ አያግደውም። ኒው ዚላንድ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅሉት የአትርሳኝ ዝርያዎች ከ40 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚያብቡት ነጭ ወይም ቢጫ ነው፤ ሰማያዊዎቹ እዚያ ጥቂቶች ናቸው። ከመካከላቸው ማዮሶቲስ ፑልቪናሪስ የሚባለው የደቡብ ደሴት ተራራማ ዝርያ ስሙን ያገኘው ትራስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ዳልተን ሁከር ነው።

ይሁን እንጂ የትራስ ቅርጽ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። በሴንትራል ኦታጎ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በኦልድ ማን ተራራ ሰንሰለት ላይ ስሄድ፣ ነጭ አበባ ያለውን አንድ ትራስ ቆሜ አይቼ አትርሳኝ ነው ብዬ መዝግቤው ነበር። ተንበርክኬ በእጄ ስጫነው ግን እንደ ድንጋይ ጠነከረብኝ፣ ቅጠሉም ፀጉር የሌለው አብረቅራቂ ሆኖ አገኘሁት፤ ከአበባውም መሐል አንዲት ዘንግ ወጥታ ትታያለች። ይህ ፊላክኒ ኮለንሶይ የሚባል፣ የስታይሊዲያሲ ቤተሰብ ተክል ነው፤ ዘንጓ ወንዴና ሴቴ የአበባ ክፍሎች አንድ ላይ ተጣብቀው የሚሠሯት ናት። በዚያ ነፋስ በሚገርፈው ከፍታ ላይ አጥሮና ተጠጋግቶ መብቀል ነፋሱን ከላይ ያሳልፋል፣ የፀሐይን ሙቀት ያቆያል፣ በውስጥ የሚቀሩት የደረቁ ቅጠሎችም እርጥበት ይይዛሉ፤ ስለዚህ የማይዛመዱ ቤተሰቦች በየራሳቸው መንገድ ወደዚህ ቅርጽ ደርሰዋል። የሱፍ አበባ ዘመድ የሆነው ራውሊያ እንኳ ትራስ ይሠራል።

አትርሳኙ ሲነኩት ለስላሳ ነው። አጫጭር ቅርንጫፎቹ ተጨናንቀው ይቆማሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጫፍ በሚሊሜትር የሚለኩ ቅጠሎች በክብ የተደራረቡበት ሲሆን፣ ቅጠሎቹን የሸፈነው ነጣ ያለ ፀጉር ትራሱን በሩቁ ግራጫ ያስመስለዋል። በጓሮ የምናውቀው አትርሳኝ አበቦቹን እንደ ጊንጥ ጅራት በተጠቀለለ ዘንግ ላይ ይደረድራል፤ እዚህ ግን ያ ዘንግ ጠፍቶ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንዲት አበባ ብቻ ቀርታለች፣ እሷም ከቅጠሉ እምብዛም ከፍ አትልም።

ወገኑን በትክክል የሚያሳየው አበባው ነው። አምስቱ ነጫጭ ክፍሎች ከታች ተጋጥመው አጭር ቱቦ ይሠራሉ፤ በቱቦው አፍ ዙሪያ አምስት ትናንሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ የሆኑ ጉብታዎች ተደርድረው መግቢያውን ያጠቡታል። ያልፈነዳ እንቡጥ ካገኙ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ክፍሎቹ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እየተደራረቡ የተጠቀለሉ ከሆነ ማዮሶቲስ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። የአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ትራስ መሳይ የሆነውና ብዙዎች ከአትርሳኝ ጋር የሚያምታቱት ኤሪትሪኪየም ናኑም እንቡጡ እንዲህ አይጠመዘዝም። ፍሬው አራት ለስላሳና አብረቅራቂ ጥቋቁር ዘሮች ሆኖ ይከፈላል።

አንድ የሚያሳስት ዘመድ አለ፤ ማዮሶቲስ ዩኒፍሎራ ይባላል። ስሙ ባለ አንድ አበባ ማለት ስለሆነ አበባን መቁጠር ይለየዋል ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ፑልቪናሪስም ግን አበባውን የሚያወጣው አንድ አንድ ነው፣ ስለዚህ ስያሜው ብዙም አይረዳም ባይ ነኝ። ዩኒፍሎራ ወደ ቢጫ ያደላ አበባ ያለው ሲሆን፣ ከከፍተኛው ተራራ ይልቅ በጠጠራማ የወንዝ ዳርና በድንጋያማ ሜዳ ይገኛል።

በፎቶዎ ላይ ነጩ አበባና ቢጫው አፍ በግልጽ ስለሚታዩ ወደ ፑልቪናሪስ አደላለሁ። እርግጠኛ ለመሆን ግን የቅጠሉን ሁለቱንም ገጾች በማጉያ መነጽር አስጠግተው ቢያነሡልን መልካም ነው፤ የኒው ዚላንድን አትርሳኞች የሚለዩ ባለሙያዎች ፀጉሩ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለና ጫፉ ወደ የት እንደሚያጋድል ሳያዩ ስም አይሰጡም። ትራሱን ግን እንዳይነቅሉት፤ አንዲት ቅጠል በመቆንጠጫ ማንሣት ይበቃል።