በእንግሊዝኛ ስም የሚያመሽ ስልክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል እያልሁ የቴሌግራም የቃላት ቻናሎችንና የቲክቶክ አጫጭር ትምህርቶችን ስከታተል ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ አንቀላፋለሁ። ሰው ሲናገር እረዳለሁ፤ መምህሬ ‹‹አንድ አንቀጽ ጻፊ›› ሲሉኝ ግን ቃሉ ሁሉ ይጠፋብኛል። ታላቅ እህቴ ‹‹ሱስ ይዞሻል፤ ስልኩን ሽጠሽ በተን ስልክ ግዢ›› ትለኛለች። እውነት ይህ ሱስ ነው? ብሸጠውስ ይሻለኛል?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጌም ሱስ ራሱን ችሎ ሲሰፍር፣ የስልክ ሱስ የሚባል በሽታ ግን አልተካተተም። በደብዳቤ ብቻ ‹‹ሱሰኛ ነዎት›› ልንልዎትም አይገባም። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ለጌም ያስቀመጣቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ልማዱን መቆጣጠር ማቃት፣ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ እርሱን ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታወቀም መቀጠል፣ ራስን ለመመርመር ይረዳሉ። ክፍል ውስጥ እያንቀላፉ ማታ ወደዚያው መመለስዎ ከሦስተኛው ጋር በጣም ይቀራረባል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን የአንቀጹ ነገር ነው። ቃልን ሲያዩት ማወቅና ሲፈልጉት ከራስ አውጥቶ መጠቀም የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በአጭር ቪዲዮ አስተማሪው ቃሉን ይናገራል፣ ትርጉሙ ከሥር ይጻፋል፣ ተመልካቹ ‹‹ገባኝ›› ብሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ አእምሮው ቃሉን ፈልጎ ለማግኘት የደከመበት አፍታ የለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ የተያዘ ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይረሳል፤ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተደጋገመው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከተጠናው የተሻለ ይጸናል። የቪዲዮ መተግበሪያው ትናንት ያዩትን ቃል ዛሬ አይጠይቅዎትም። ገጹ ማለቂያ የለውም፤ ቀጣዩ ቪዲዮ ጠቃሚ ይሁን አሰልቺ አስቀድሞ አለመታወቁም ጣት እንዳያርፍ ያደርጋል። መጽሐፍ ቢያንስ ምዕራፉ ሲያልቅ አንባቢውን ያሳርፋል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ተማሪ ሌላው የሌለው ሰበብ አለው። ቀልድ ስታይ የምታመሽ የዶርም ጓደኛዎ ጊዜ እያባከነች መሆኑን ታውቃለች፤ እርስዎ ግን በእንግሊዝኛ የቀረበ ሁሉ ትምህርት ስለሚመስልዎት ለማቆም ምክንያት አያገኙም።

ያም ሆኖ ስልኩን እንዲሸጡ አንመክርም። ሃንድአውቱ በፒዲኤፍ፣ የክፍሉ ማስታወቂያ በቴሌግራም በሚላክበት ግቢ በተን ስልክ መያዝ የጓደኛን ስልክ ደጅ ወደ መጥናት ያደርሳል፤ ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰሙበት መንገድም በአብዛኛው ይኸው ስልክ ነው። የሚሻለው ስልኩ የሚሠራውን ሥራ መቀነስ ነው። ለምሳሌ ቢቢሲ ለተማሪዎች የሚያዘጋጀው ‹‹ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ›› የተሰኘ ዝግጅት ድምፁም ጽሑፉም ይወርዳል። አንዱን አውርደው ዳታውን ያጥፉ፤ ጽሑፉን ሳያዩ ሁለት ጊዜ ያዳምጡና ስልኩን አስቀምጠው የሰሙትን በራስዎ እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የጠፋብዎትን ቃል ወዲያው አይፈልጉ፤ ባዶ ቦታ ትተውለት ይለፉ። በማግስቱ ከጽሑፉ ጋር ያስተያዩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ያንኑ አንቀጽ የቀድሞውን ሳያዩ እንደገና ይጻፉ። ሥራው አድካሚ ነው፤ መምህርዎ የሚጠይቁዎትም ይህንኑ ድካም ነው።

ሲጽፉ ስልኩ የት ይሁን? በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መሪነት ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል ትተው የተፈተኑ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ገልጿል። ኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ይህን ባያረጋግጡም መሞከሩ ምንም አያስወጣም። በዶርም ኑሮ ሌላ ክፍል የሚባል ነገር ስለሌለ ሎከርዎ ውስጥ ቆልፈው ላይብረሪ ይሂዱ። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል በርካሽነቱ ብዙ ተማሪ እንደሚያስመሽ እናውቃለን፤ የሚገዙት ከሆነ የነገውን ለማውረድ ብቻ ይሁንና ስልኩን ከአልጋዎ ርቆ ቻርጅ ላይ ይተዉት።

ይህን ለጥቂት ሳምንታት ሞክረው እንቅልፍዎ ካልተመለሰ፣ ወይም ስልኩን የሚያነሡት ጭንቀትንና ብቸኝነትን ለመሸሽ እንደሆነ ከተሰማዎት፣ ጉዳዩ ከቋንቋ ትምህርት ያለፈ ነውና የዩኒቨርሲቲዎን የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ያነጋግሩ፤ ሲሄዱም ለእኛ የጻፉልንን ያህል ግልጽ አድርገው ይንገሯቸው።