መጠጥ ለማቆም ወደ ስብሰባ መሄድ ንስሐን መተካት ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ሲጀምረኝ ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ አንድ ሁለት ቢራ ነበር። አሁን ጠዋት ማብረጃ ካልቀመስኩ እጄ የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም። ቁልቢ ገብርኤል ፊት ሁለት ጊዜ ላልጠጣ ምዬ ሁለቱንም አፍርሻለሁ። በቅርቡ ጓደኛዬ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ማክሰኞ ማታ የሚሰበሰቡበት ቤት ወሰደኝ። ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገራል። ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም አለ። «ከእኛ የሚበልጥ ኃይል» ይላሉ። ይህ ንስሐን መተካት አይሆንብኝም? ደግሞ ድሬ ትንሽ ናት፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ከሠርክ ጉባኤያችንም ጋር ይጋጫል። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂድ። ግን ከስብሰባው በፊት ሐኪም ቤት ሂድ።

ያ የሸሚዝ ቁልፍ አሳስቦኛል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ አልኮልን ለምዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊጥለውና ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይሄ መቃዠት ሰውን ሊገድል ይችላል። ከዓመታት በፊት አንድን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ አትቅመስ፣ ጸልይ» ብዬ ሸኘሁት። በሦስተኛው ሌሊት «ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል» እያለ ጣቱን ሲቀስር አደረ። ቤተሰቡ ጋኔን መስሏቸው ሊነጋ ሲል ጸበል ሊወስዱት ተነሡ። ደግነቱ አንዲት ጎረቤታቸው ነርስ ናት፤ ቀጥታ ሆስፒታል አስገባችው። ዳነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለዚህ እዚያው ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄደህ ስንት እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ተናገር። ጸበሉ አይቀርብህም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

አሁን ወደ ስብሰባው። ነገሩ የተጀመረው በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ለሥራ ሄዶ ሥራው ሲበላሽበት የሆቴሉ መጠጥ ቤት ይጠራው ጀመር። ያኔ ስልክ አንሥቶ ሌላ ጠጪ ፈለገ። ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር አገናኙት። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ከእነዚህ ከሁለቱ ወሬ ተነሣ። ክፍያ የለውም። የአባልነት መስፈርቱ አንድ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። የአባትህን ስም አትጠየቅም። መናገር ካልፈለግህ ዝም ብለህ ሰምተህ ትወጣለህ።

አንተ የገባህበት ቤት በዚህ መንገድ የሚሄድ ይመስላል። «የሚበልጥ ኃይል» የሚለው አባባል ሰዉ ከየእምነቱ እንዲመጣ የተተወ በር ነው። አንተ ያ ኃይል ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አጠገብህ ያለው ሙስሊም በራሱ እምነት ቢጸልይ ያንተን ማዕተብ አይበጥሰውም። በድሬ መቼም ከሙስሊም ጋር ክብ ሠርቶ መቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ በርጫው ላይስ አብራችሁ አልነበራችሁም?

ንስሐን ግን አይተካም። መጠጥ ለማቆም ከሚከተሏቸው አሥራ ሁለት ደረጃዎች አምስተኛው ጥፋትን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናገር ነው። መልካም ነው፤ ፍትሐት፣ ማለትም ከኃጢአት መፈታት፣ ግን ከካህን ነው። እዚያ የተናገርከውን ለንስሐ አባትህም ንገራቸው። ሥጋ ወደሙ መቀበልንም «ወይኑ ያገረሽብኛል» ብለህ አትፍራ። በእኛ ሥርዓት ዘቢብ በውኃ ታሽቶ የሚዘጋጅ ነው፤ የቦካ ጠጅ አይደለም። ይልቅ የምሰጋልህ ለጽዋ ማኅበርህ ነው። ለሙሴው፣ ለማኅበሩ አለቃ፣ ቀድመህ ንገረውና ጠላው ሲዞር ያንተ ብርጭቆ ውኃ ይሁን።

መሐላውን በተመለከተ፣ ዳግመኛ አትማል። ያፈረስከው መሐላ አሳፍሮህ መልሶ ያስጠጣሃል። እነሱ «ለዛሬ ብቻ» ይላሉ። እኛም በአቡነ ዘበሰማያት የዛሬን እንጀራ እንጂ የዓመቱን አንለምንም።

ወሬውን በተመለከተ፣ ጌታ ሽባውን የፈወሰበትን ቀን አስብ። አራት ሰዎች ጣሪያ አፍርሰው ነው ያወረዱት። ቅፍርናሆም በሙሉ አይቷል። ማርቆስም «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው፤ እምነቱን አላለም። የተሸከሙትን ሰዎች እምነት ነው ያየው። አንተም የምትፈልገው የአልጋውን አራት ጫፍ የሚይዙልህን ሰዎች ነው። ለነገሩ ስትንገዳገድ ያየህ ሰፈር ስትሰበሰብ ቢያይህ ምን ይጎድልብሃል? ለባለቤትህ ግን አንተው ቀድመህ ንገራት። ቤተሰብ የሚገባበት ክፍት ስብሰባ ካላቸው ጠይቅና ይዘሃት ሂድ።

ያ ቤት ካልተስማማህ ሐኪሙን ሌላ ቡድን ካለ ጠይቀው። በኢንተርኔትም ስብሰባዎች አሉ። እሱም ካልሆነ እንዳንተ ማቆም የሚፈልግ አንድ ሰው ፈልግና ጨብሲ በምትወጣበት ሰዓት ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። እነ ቢልም ሁለት ነበሩ።

ማክሰኞ ወደ ስብሰባህ ሂድ። የሠርኩን ትምህርት ቀድቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ሐሙስ ስትመጣ ሐኪሙ ምን እንዳለህ ትነግረኛለህ።