ዘይቱን ቦዩ ላይ ያዙት፣ አዌቱ ሳይገባ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ከዎርክሾፓችሁ ጀርባ ባለው ቦይ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ አይተሃል። ቦዩ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል፣ ዝናቡም ጀምሯል። «ወንዙ ውስጥ ከገባ በምን ይጸዳል?» ነው ያልከው። እዚህ ጅማ በጥገና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ወራጅ ወንዝ ውስጥ አንዴ ከገባ በእጃችን ባለው ዕቃ አንመልሰውም። ያለን ዕድል ቦዩ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ዝጋ። ፓምፑን አጥፋ፣ ቫልቩን ዝጋ፣ የሚያንጠባጥበው ሥር በርሜል አስቀምጥ። ሽታው የቤንዚን ከሆነ ግን አትጠጋ። ሰው አርቅ፣ ሞተር የሚያስነሳም ሲጋራ የሚለኩስም አይኑር፣ እሳት አደጋ ጥራ።

ቀጥሎ ቦዩን ገድብ። ጭራሽ ከደፈንከው ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ ዘይቱን ይዞት ይሻገራል። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። በጆንያ አፈር ሞልተን ቦዩን እናግዳለን፣ በመሃሉ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ አጋድመን እናሳልፋለን። ውሃው የሚገባበት አፍ ወደ ታች ዘቅዝቆ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። የሚወጣበት አፍ ከፍ ይላል። ዘይት ስለሚንሳፈፍ ከግድቡ ኋላ ይቀራል፣ ውሃው ከሥር ይሄዳል። ዝናቡ ከበረታ ሁለተኛ ቱቦ ጨምር። የተጠራቀመውን ከላይ ከላይ በጣሳ እየቀዳህ ወደ በርሜል ገልብጥ።

ጅማ ላይ መምጠጫ አይቸግርም። ደረቅ የቡና ገለባና ሰጋቱራ መሬት ላይ የፈሰሰን ዘይት ጥሩ አድርገው ይመጥጣሉ። ውሃ ላይ ግን እንዳትበትናቸው፤ ውሃ ጠጥተው ዘይቱን እንደያዙ ይሰምጣሉ። ኬሻ ውስጥ ከተህ ስፋው፣ በገመድ አስረህ ከግድቡ በፊት ቦዩ ላይ አጋድመው። ሲጠግብ ቀይረው።

ኦሞ ይረጭበት የሚል ሰው አይጠፋም። እባክህ እንዳትሰማው። ዘይቱ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ተበትኖ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ በኋላ ግድብም ገለባም አይይዘውም።

አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። ከታች ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ጎመን የሚያለማ ሰው አለ። አንድ ሰው አሁኑኑ ወደ ታች ልከህ አስነግር። ለከተማው አካባቢ ጥበቃም ደውል። አለቃ እስኪመጣ አትጠብቅ። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦ ሲፈነዳ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ጮኾ ነበር። ሠራተኞቹ የግፊት ችግር ነው ብለው ፓምፑን መልሰው አስነሱት። ቱቦው የተዘጋው ከ17 ሰዓት በኋላ ነው። ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፈሶ ካላማዙ ወንዝ ገባ፣ ማጽዳቱም ዓመታት ፈጀ።

ለወደፊቱ የዘይት ታንከሩ ዙሪያ የሚፈስሰውን የሚይዝ ግንብ ይሠራ። የተለመደው ልክ የትልቁን ታንከር 110 በመቶ መያዝ ነው። ግን ከግንቡ ይልቅ የምፈራው የግንቡን ማፍሰሻ ቫልቭ ነው። እዚህ ዝናብ ስለሚበዛ ሰው ውሃውን ሊያወጣ ይከፍተዋል፣ ከፍቶት ይሄዳል። ያኔ ግንቡ እንዳልተሠራ ቁጠረው። ቁልፍ ይበጅለት፣ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ከላይ ጣሪያ ከተሠራለት ደግሞ ከፋች አይኖርም። የተቃጠለ ዘይትም ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጥ።

ባለቤቱ ወጪው በዛብኝ ካለ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አሳየው። የበከለ ሰው ማጽዳቱም ወጪውም የራሱ እንደሆነ ይላል።

ዘይት የጠጣውን ገለባ አታቃጥሉት፣ ወንዝ ዳርም አትቅበሩት። በርሜል ውስጥ ከድናችሁ ከዝናብ አርቁት፤ የት እንደሚወገድ አካባቢ ጥበቃዎቹን ጠይቁ። የቦዩን ስፋትና ውሃው ምን ያህል እንደሚፈስ ጻፍልኝ፣ የቱቦውን ውፍረት አብረን እናስላው።