ሴሚናር፣ እንግዳና ዴድላይን በአንድ ሐሙስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 4 ኪሎ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። በወሩ መጨረሻ ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የመመረቂያ ሥራዬን በሴሚናር አቀርባለሁ። የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነው። 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ከውጭ የመጡ እንግዳ ንግግር ያደርጋሉ። የአንድ ኮንፈረንስ አብስትራክት (የጥናት አጭር መግለጫ) ማስገቢያም በዚያው ቀን ያበቃል፤ «23:59 ዩቲሲ» (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይላል። የእንግዳውን ብቀርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትቀሪ። ከሦስቱ ቀደም ብሎ ሊያልቅ የሚችለው አብስትራክቱ ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ አስገቢውና ተገላገዪ።

የሰዓቱን ነገር ግን በደንብ ልንገርሽ፤ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የውጭ ትምህርት ሳመለክት ማብቂያው «12:00 ዩቲሲ» ይል ነበር። የኛ ምሽት 12 መሰለኝ። 11 ሰዓት ላይ ወረቀቶቼን ይዤ ኢንተርኔት ቤት ስገባ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። የሦስት ወር ልፋት ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በኛ አቆጣጠር ለመጥራት ደግሞ 6 እንቀንሳለን። ባጭሩ ከተጻፈው ላይ 3 ቀንሺ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና 12 ቀንሺ። 12:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ያንቺው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ለሌሊቱ 9 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚዘጋው። ሰፊ ጊዜ ይመስላል። ግን ደክሞሽ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ በዚያ ሰዓት አትመኚው።

20 ደቂቃ ሙሉ ቴሲስ አይችልም። አንድ ግራፍ ምረጪና እሱ ላይ ቆዪ። መጀመሪያ አግድሙ ምን እንደሚለካ፣ ቀጥሎ ቁመቱ ምን እንደሚለካ ከነዩኒቱ በእጅሽ እያሳየሽ ተናገሪ። ያንኑ ግራፍ በጠመኔ መሳልም ተለማመጂ። አንዷ ተማሪዬ መሃል ላይ መብራት ሄደባት። ወደ ሰሌዳው ዞራ ኩርባውን ከትዝታዋ ሳለችው፤ አንድ በአንድ ነጥቦቹን አስቀመጠች። ክፍሉ ከልቡ ያዳመጣት ያኔ ነው።

ወደ እንግዳው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኖቤል የተሸለመውን ፓኪስታናዊ የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላምን ታውቂዋለሽ። ከካምብሪጅ ወደ አገሩ፣ ላሆር ከተማ ተመልሶ ሲያስተምር ምርምሩን የሚያወያየው ሰው አጣ። በ1954 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1964 ጣሊያን፣ ትሪዬስቴ ላይ የፊዚክስ ማዕከል ያቋቋመው እንደኛ ካሉ አገሮች የሚመጡ ሰዎች ይህ ብቸኝነት እንዳይጎዳቸው ብሎ ነው። አንቺ ደግሞ ሰው ራሱ 4 ኪሎ ድረስ መጥቶልሻል።

አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ግቢ። ንግግሩ ሲያበቃ፣ ሻይ ላይ ጠጋ ብለሽ ግራፍሽን አሳዪያቸው። ኢሜይላቸውን ተቀበዪ። አብስትራክቱ ረቡዕ ገብቶ ከሆነ፣ እሳቸው እስኪነሡ ድረስ አብረሻቸው መቀመጥ ትችያለሽ።